የልደት ዓመቷን የጻፍኩት እኔ ነኝ

የልጄን የልደት ዓመት የዋሸሁት እኔ ነኝ። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እኔ ግን ስልኬ ላይ የመጣውን የዓመት ዝርዝር እየገፋሁ ሄጄ 2006 ላይ አቆምኩት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መተግበሪያው «እውነት ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቷ ተከፈተ፤ ልጄም እየዘለለች አቀፈችኝ።

ይህን የማነሳው እዚህ ሜልቦርን በየቡናው፣ በየክርስትናው፣ በየለቅሶ ቤቱ «ልጆች ቲክቶክና ኢንስታግራም ይፈቀድላቸው ወይ?» የሚለው ክርክር ስላልበረደ ነው። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን በሕግ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ የማያወራ የለም። አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ግን ስለ ሌላ ሰው ልጅ ነው። እኔ ከቤቴ ልጀምር።

ሰኔ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 4 ቀን 2020። በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልቦርን ያሉ ዘጠኝ የመንግሥት የኪራይ ሕንፃዎች በኮሮና ምክንያት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተዘጉ። ወደ 3,000 የምንጠጋ ሰዎች በየቤታችን ቀረን። እነዚያን ሕንፃዎች የሚያውቅ ያውቃቸዋል፤ ሊፍት ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ዐረብኛ ሳይሰማ የሚመሽበት ቀን የለም። እኔና ልጄ ከእነዚያ በአንዱ፣ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ነበርን። ቤት ውስጥ የነበረን ግማሽ ኪሎ ምስር፣ ትንሽ ጤፍና ስድስት እንቁላል ነው። እኛ ያለንበት በአምስተኛው ቀን ተከፈተ፤ አልፍሬድ ጎዳና ቁጥር 33 የነበሩት ሁለት ሳምንት ቆዩ። ከተማውም በጠቅላላ ቢሆን ክፍት አልነበረም። በሁለቱ ዓመታት ሜልቦርን የተዘጋችባቸው ቀናት ሲደመሩ 262 ናቸው።

በዚያው ሳምንት አገር ቤትም ኢንተርኔት አልነበረም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ከሰኔ 23 ጀምሮ ተቋርጦ ነበር። ለወትሮው ልጄ አዲስ አበባ ካሉት አያቷና ከእህቴ ልጅ ጋር በቪዲዮ ሳትተያይ አታድርም። እኛ በር ተዘግቶብን፣ እነሱ መስመር ተቋርጦባቸው፣ በስልክ ድምፅ ብቻ «አላችሁ?» «አለን» እየተባባልን ሰነበትን። ልጄ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ከታች የቆሙትን ፖሊሶች ትቆጥር ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ መስመሩ ሲመለስ እህቴ መጀመሪያ የላከችልኝ የልጇን ቪዲዮ ነው። ያኔ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ሥር፣ እስክስታ ይወርዳል። እናቴ ከጎን ሆና ታጨበጭባለች። ልጄ ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየችው አላውቅም። «ማሚ፣ እኔም ሠርቼ ልመልስለት» አለችኝ። አካውንቱን የከፈትኩላት ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም። ያ መተግበሪያ ለሦስት ዓመት ያህል እኔ ያቃተኝን አደረገልኝ። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፤ ቤት ስገባ እሷ ወደ ትምህርት ቤት ትወጣለች። አማርኛዬን በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ የወሎን ጭፈራ ከጎንደር፣ የጎንደርን ከጉራጌ መለየት ጀመረች። ለአያቷ «እንዴት አደርሽ» ሳይሆን «እንዴት አደሩ» ማለት እንደሚገባት የተማረችው ስለ አገር ቤት ወግ ከምትሠራ አንዲት ወጣት ቪዲዮ ነው። እናቴ ያን ቀን በስልክ ውስጥ እልል አለች።

አካውንት ሲከፈት የሚጠየቀው «ቢያንስ 13 ዓመት» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ስለ ልጅ አእምሮ የሚያውቁ ሐኪሞች ወይም መምህራን ተቀምጠው ያወጡት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ድረ ገጾች ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ እንዳይሰበስቡ ይከለክላል። ፌስቡክ የተመሠረተው በ2004 ነው፤ ሕጉ ሲወጣ ገና አልተወለደም። ኩባንያዎቹ የእያንዳንዱን ወላጅ ፈቃድ ከሚያሳድዱ «ከ13 በታች አይገባም» ብለው ጻፉ፤ ማረጋገጫውን ደግሞ ለገቢው ቃል ተዉት። ስለዚህ ያ ቁጥር የመረጃ አሰባሰብ ቁጥር ነው። ስለ ልጅ ልብ የሚናገረው ነገር የለም።

የኔን ልጅነት ሳስብ የሚመጣብኝ ቪዲዮ ቤት ነው። ጉለሌ ነው ያደግሁት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ቪዲዮ ቤት የሌለበት ሰፈር አልነበረም፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ አንድ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከፊት ቴሌቪዥንና ማጫወቻ። በሩ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ተጽፎ ይሰቀላል፤ ወይ የህንድ ነው ወይ የካራቴ። ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ መግባት ነው። ወላጆቻችን ያንን ቤት አጥብቀው ይጠሉት ነበር። ዛሬ ስለ ቲክቶክ የምንለውን ሁሉ ያኔ ስለ እሱ ብለውታል፤ ትምህርት ያስረሳል፣ ልጅ ያባልጋል፣ ዓይን ያጠፋል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቼ ሄድኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንለው። ሳንቲሜን ልሰጠው እጄን ስዘረጋ ብብቴ ውስጥ ያለውን ደብተር አየና «እናትሽ ታውቃለች?» አለኝ። «አዎ፣ ታውቃለች» አልኩት። «እንግዲያው ነገ ቡና ስትጠራን እጠይቃታለሁ» አለ። ሃምሳ ሳንቲሜን እንደጨበጥኩ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ።

ጋሼ ጻድቅ አልነበረም። ማታ ማታ ለትልልቆቹ ምን እንደሚያሳይ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ከልጆችም ገንዘብ ይወስዳል። ግን እናቴን ያውቃታል። ስዋሽ ፊቴን አይቶ ያውቃል። ካጠፋ ሰፈር ውስጥ የሚያፍረው ሰው አለው፤ ለቅሶ ቢደርስበት ድንኳን የሚተክልለት ያው እድሩ ነው። እኔ 2006 ብዬ ስጽፍ «ነገ እጠይቃታለሁ» ያለኝ ማንም አልነበረም። የልጆችና የማኅበራዊ ሚዲያ ነገር በተነሣ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደዚያ በር ነው። ልጅ የማይገባበት ቤት ድሮም ነበር፤ በሩ ላይ ግን ሰው ቆሞ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ልጄ 12 ዓመት ሲሆናት ነው። የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን ፉትስክሬይ አካባቢ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር አከበርን። የአገር ልብስ ለብሳ ጨፈረች፤ ጓደኛዋ ቀረጸቻት፤ ለቀቀችው። በሁለተኛው ቀን አንድ የማናውቀው ሰው ቪዲዮውን ወስዶ ከጎኑ የራሱን ሳቅ ጨምሮበት መልሶ አወጣው። ከዚያ አስተያየቱ ይዘንብ ጀመር።

ልጄ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ፊደል እየቆጠረች ነው ያደገችው። ብዙ ቅዳሜ እያለቀሰች ነው የወሰድኳት። «ምን ያደርግልኛል?» ስትለኝ «አያትሽ የሚጽፉልሽን ታነቢያለሽ» እላት ነበር። ያን ማታ ወደ ክፍሏ ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን ስልኩ ላይ እያስኬደች፣ ፊደል በፊደል ታነባለች። «ማሚ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እዚህ የማልጽፈው ቃል ነው። ዝም ስላት ወደሚቀጥለው አለፈች። ስለ መልኳ ይላል፤ ስለ ፀጉሯ ይላል፤ ዘሯ ከየት እንደሆነ ይጠይቃል፤ «ፈረንጅ ነኝ ባይ» ይላታል። የጻፉት እኩዮቿ ቢሆኑ በልጅነት አሳብቤ ባለፍኩት። ፎቶአቸው ላይ የራሳቸውን ልጅ አቅፈው የተነሡ ሰዎች ነበሩበት። ልጄ በሕይወቷ ያለማንም እገዛ አንብባ የጨረሰችው የመጀመሪያው ረዥም የአማርኛ ጽሑፍ ያ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ አንድ በአንድ ሪፖርት ሳደርግ አደርኩ። መልሱ በማግስቱ በእንግሊዝኛ መጣ፤ ደንባችንን አልጣሰም ይላል። ልጄ መጨፈሩን ተወች። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል መሄዱንም ተወች። ስልኩን ግን አልተወችም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ነው ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛው መግባት የጀመረችው። ሰው ምን እንዳላት ሳታይ መተኛት አቃታት።

በአማርኛ የሚጻፈውን ማን ያነበዋል ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ኦክቶበር 5 ቀን 2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስትመሰክር የኢትዮጵያን ስም ጠርታ ነበር፤ ኩባንያው ትኩረቱን በእንግሊዝኛ ላይ አድርጎ እንደ እኛ ያሉትን ቋንቋዎች እንደዘነጋ ተናግራለች። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ቤታቸው ደጅ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስለ እሳቸው የወጡ የፌስቡክ ጽሑፎችን ደጋግሞ ሪፖርት ማድረጉን የሚናገረው ልጃቸው አብርሃም፣ ዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። የኬንያ ፍርድ ቤትም ኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። የልጄን ለቅሶ ከአንድ ሰው ደም ጋር ላወዳድር አይደለም። ግን አባቱን ለማዳን በአማርኛ የተጻፈ ነገር ይነሣልኝ ያለ ትልቅ ሰው ያልተሰማበት ደጃፍ ላይ፣ የ12 ዓመት ልጅ ትሰማለች ብዬ እንዴት ልመን?

ሃውገን ይዛው ከወጣችው ሰነድ ውስጥ ስለ ልጃገረዶችም ነበረበት። በኩባንያው የራሱ ጥናት ከሦስት ታዳጊ ሴቶች አንዷ፣ ስለ ሰውነቷ ሲከፋት ኢንስታግራም እንደሚያብስባት ተናግራለች። በሜይ 2023 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም የነበሩት ቪቬክ መርቲ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ የሚጠቀሙ ታዳጊዎች ለድብርትና ለጭንቀት ምልክቶች ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ መሆኑን ጠቅሰው አስጠንቅቀዋል። ተመራማሪዎች ግን ስልኩ ነው ያስከፋቸው ወይስ የከፋቸው ናቸው ስልክ ላይ የሚውሉት በሚለው ላይ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። የኔ ልጅ ከስልኩ በፊትም ዓይን አፋር እንደነበረች አውቃለሁ። አስተያየቱን ካነበበች በኋላ ግን መስታወት ፊት ስትቆም አፍንጫዋን በእጇ መሸፈን እንደጀመረችም አውቃለሁ።

የአውስትራሊያ ሕግ በኖቬምበር 2024 ጸድቆ ዲሴምበር 10 ቀን 2025 ሥራ ላይ ዋለ፤ በእኛ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ትሬድስ፣ ቲክቶክ፣ ስናፕቻት፣ ኤክስ፣ ዩቲዩብ፣ ሬዲት፣ ትዊችና ኪክ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት እንዳይኖረው ማድረግ አለባቸው። ካላደረጉ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይቀጣሉ። ልጅም ወላጅም አይቀጣም። ዋትስአፕ ውስጡ የለበትም።

መጀመሪያ ሳነበው አንድ ነገር ቅር አሰኘኝ። ሕጉ ለወላጅ ፈቃድ ቦታ የለውም። እኔ እናቷ «ፈቅጃለሁ» ብል ዋጋ የለውም። ከአገሬ ወጥቼ ብቻዬን ያሳደግኋትን ልጅ፣ መንግሥት ከኔ በላይ ሊያውቅላት ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁ። ቁጣዬን ያበረደው የልጄ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስልኳን በነጠቅኋት ቁጥር የምትለኝ «ሁሉም አላቸው እኮ!» ነው። ውሸቷንም አልነበረም። ትልቁ የወላጅ ሽንፈት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የአንድ ልጅ ስልክ መቀማት ቀላል ነው፤ ከጓደኞቿ ጨዋታ፣ ከቀልዳቸው፣ ከቀጠሯቸው ነጥሎ ብቻዋን ማስቀረት ግን ሌላ ጉዳት ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ሌላው ስለፈቀደ እንፈቅዳለን። እኔ የፈቀድኩት ጎረቤቴ ስለፈቀደች ነው፤ ጎረቤቴም እኔን አይታ ነው። አንድ እናት ብቻዋን ልትፈታው የማትችለውን ቋጠሮ ሕጉ ለሁላችንም በአንድ ቀን ፈታው። በሩ ላይ ሰው እንዲያቆሙ ባለቤቶቹን አስገደዳቸው። ለዚህ ነው የምደግፈው።

ስደግፈው ግን ሙሉ ልቤ አይደለም። እንቅልፍ የሚነሣኝ የሞሊ ራስል አባት ነገር ነው። ሞሊ የ14 ዓመት የለንደን ልጅ ነበረች፤ በኖቬምበር 2017 ሕይወቷ አለፈ። አሟሟቷን የመረመረው የሕግ ባለሥልጣን በሴፕቴምበር 2022 በሰጠው ውሳኔ በኢንተርኔት ላይ ያየችው ነገር ለሞቷ ድርሻ ነበረው ብሏል። በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ኢንስታግራም ላይ ካስቀመጠቻቸው፣ ከወደደቻቸውና ካጋራቻቸው 16,300 ነገሮች 2,100ው ስለ ድብርት፣ ራስን ስለ መጉዳትና ራስን ስለ ማጥፋት ነበሩ። አባቷ ኢያን ራስል ከማንም በላይ «ይዘጋ» ማለት የሚገባው ሰው ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ጅምላ እገዳውን ይቃወማል። ኩባንያዎቹ ዕቃቸውን እንዲያስተካክሉ ይገደዱ ነው የሚለው፤ ልጆቹን አስወጥቶ ዕቃውን እንዳለ መተው መፍትሔ አይሆንም ባይ ነው። ልጁን የቀበረ አባት እንዲህ ሲል በቀላሉ ላልፈው አልችልም። እዚህ አውስትራሊያ ውስጥም ሁለት የ15 ዓመት ልጆች ሐሳብን የመግለጽ መብታችን ተነካ ብለው ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወስደዋል።

ታኅሣሥ 1 ደረሰ። የልጄ ጓደኞች አካውንት አንድ በአንድ ተዘጋ። በጃንዋሪ አጋማሽ መንግሥት ባወጣው ቁጥር በመላ አገሪቱ 4.7 ሚሊዮን ገደማ አካውንቶች ተነሥተዋል። ታኅሣሥ 1 ማታ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ማሚ፣ የኔ አልተዘጋም።»

«ለምን?»

«በሱ ላይ 19 ዓመቴ ነው። አንቺ የጻፍሽው ነዋ።»

ባቡር ውስጥ እስከ ሥራ ቦታዬ ድረስ ይሄን ሳስብ ሄድኩ። አገሩ ሁሉ የተነጋገረበት፣ ምክር ቤት የተከራከረበት ሕግ በየቤቱ ሲገባ የኔን ቤት ዘሎት አለፈ። ያዘለለው የኔ እጅ ነው።

ቤት ተመልሼ ያየሁት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ቲክቶክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አካውንት ከጅምሩ ለማያውቁት ሰው ዝግ ያደርገዋል፤ የግል መልእክት መቀበልም አይችሉም። ኢንስታግራም በሴፕቴምበር 2024 ለታዳጊዎች ለብቻው የተጠበቀ አካውንት ጀምሯል። አጥሩ ይብቃም አይብቃም፣ አጥር ነው። ልጄ የነበረችበት መተግበሪያም የዚህ ዓይነት ጥበቃ ነበረው። ለ14 ዓመት ልጅ ነው እንጂ ለ19 ዓመት ወጣት አይደለም። 2006 ብዬ ስጽፍ ያፈረስኩት ያንን አጥር መሆኑን አላወቅሁም ነበር። የመልእክት ሳጥኗን እንድታሳየኝ ለመንኳት። አሳየችኝ። ከመልሶቹ ይልቅ ያልተመለሱት ይበዛሉ፤ «ሰላም ቆንጆ» የሚል፣ «የት ሰፈር ነሽ» የሚል፣ ፂም ያለው ሰው። ለአንዱም አልመለሰችም። በየቀኑ ግን ታያቸው ነበር፤ ለኔም አልነገረችኝም፤ ስልኩን እንዳልወስድባት ፈርታ።

ያኔውኑ ዘጋሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልዘጋሁትም። ወደ አራት ሳምንት ቆየ። ዳንሶቹ፣ አማርኛው፣ የእህቴ ልጅ አሉበት እያልኩ አመነታሁ። ስለመዝጋት መጀመሪያ የተናገረችው ራሷ ናት። ትምህርት ተዘግቶ፣ ሙቀቱ ገብቶ፣ ሶፋ ላይ ተጋድማ እያለች «ማሚ፣ ጓደኞቼ እኮ የሉም። የቀሩት የማላውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። ጓደኞቿ በነበሩ ጊዜ ትልልቆቹ ከኋላ ተሰልፈው እንደቆሙ አላየቻቸውም ነበር። ልጆቹ ሲወጡ ማን እንደቀረ ታያት።

የገና ዋዜማ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት እየከተፍን እያለ እጃችንን ታጥበን አብረን ዘጋነው። በመጀመሪያ የነበሩትን ቪዲዮዎች አወረድን፤ በ2012 ዓ.ም. ለእህቴ ልጅ የመለሰችለትን ጭምር። ጥርሷ ወልቆ፣ የኔን ነጠላ አሸርጣ፣ ከዚያች መስኮት ፊት ለፊት ትከሻዋን ስትመታ። ከኋላዋ ሰማዩ ብቻ ይታያል። መተግበሪያው «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ስንገባ አንድ ጊዜም ያልጠየቀው ስንወጣ ሁለት ጊዜ መጠየቁን ልጄ ናት ያስተዋለችው።

እህቴ ይሄን ስነግራት «እታለም፣ እናንተ መንግሥት ይዘጋላችኋል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ። አገር ቤት እንደ አውስትራሊያ ያለ የዕድሜ ሕግ የለም። ልጇ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ያ ከገመዱ ሥር እስክስታ የወረደው ልጅ አሁን እኩለ ሌሊት ድረስ ላይቭ ያያል፤ ሁለት ሰዎች ስክሪኑን ለሁለት ተካፍለው እየተሰዳደቡ «ታፕ ታፕ አድርጉ፣ ጊፍት ላኩ» ሲሉ። ስድቡን በቃሉ ይዞ ለታናሽ እህቱ ይደግምላታል። መዝጋት ብቻውን እንደማይበቃ እህቴ ታውቃለች። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ሲታገዱ፣ እናቴ ስልክ ላይ ቪፒኤን የጫነላት ይኸው ልጅ ነው። አሥር ዓመቱ ነበር።

እህቴ ያደረገችውን ሰምቼ ግን ደስ ብሎኛል። ኮንዶሚኒየሙ ብሎክ ላይ ያሉ አራት እናቶች ቡና ላይ ተነጋገሩ። የሁሉም ልጆች ስልክ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እየተራ በአንዷ ቤት ቡፌ ውስጥ ያድራል። አንዷ ብቻ ብታደርገው «የኔ እናት ብቻ ናት ክፉ» ይባል ነበር፤ አራት ሲሆኑ የሚባል ነገር የለም። አንድ አባት «የልጄን ስልክ ማን ሊይዝብኝ ነው» ብሎ ተቆጥቶ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት እሱም አመጣ። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አኩርፎ ተኛ። አሁን ማታ ማታ የብሎኩ ደረጃ ላይ ካርታ ሲጫወቱ ይጮኻሉ ብላ ደግሞ ታማርራለች። እኔ እዚህ ሆኜ ያ ጩኸት ይናፍቀኛል።

እዚህ ያሉ እናቶችም ይህን ያህል ብንነጋገር ሕጉ የሚጎድለውን ይሞላ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሕጉ በጓደኞቿ በኩል ልጄን ከዚያ ቤት አስወጣት እንጂ የምትገባበት ሌላ ቤት አልሰጣትም። የዕረፍቱን ሁለት ሳምንት ጣራ እያየች አሳለፈችው። ከክፍሏ ልጆች አንዷ በፊቷ ፎቶ የዕድሜ ምርመራውን አልፋ ተመልሳ ገብታለች፤ ልጄ ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን ታይ ነበር፣ ምን እንደምል። የሌሊት ፈረቃዬን በሳምንት አንድ ቀን ቀንሻለሁ። ገንዘቡ ይጎዳኛል፤ ሐሙስ ማታ ግን ቤት ነኝ። ሐሙስ ማታ ወይ እንጀራ እንጋግራለን፣ ወይ አገር ቤት በዋትስአፕ እንደውላለን። አዲስ አበባ ከእኛ እንደ ወቅቱ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ስለምትዘገይ እኛ እራት ላይ ስንሆን እናቴ ቡና ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በጽሑፍ መልእክት ላከላት፤ አማርኛ፣ አምስት መስመር። አንድ ቃል ብቻ ነው የጠየቀችኝ፣ «ሙድ ያዘብኝ» ምን ማለት እንደሆነ። የቀረውን ራሷ አነበበችው፤ እየሳቀች።

ትናንት ማታ ሊጥ እየደበደብኩ ሳለ «ያኔ ለምን 2006 አልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለዚያ ፎቅ፣ ስለ ግማሽ ኪሎ ምስሩ፣ ከታች ስለቆሙት ፖሊሶች ነገርኳት። ፖሊሶቹን ታስታውሳለች፤ ምስሩን አታስታውስም። ኢንተርኔት አገር ቤት ጠፍቶ እንደነበር ጨርሶ አታውቅም ነበር። ሰምታ ስትጨርስ ፍሪጁ ላይ ወደተለጠፈው ካላንደር ሄደች፤ የቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር ነው፣ እስከ ጳጉሜን ብቻ የሚሄድ።

«ሰኔ 2019 ላይ 16 ይሞላኛል» አለችኝ። «ልክፈት አልክፈት ገና አላውቅም። ከከፈትኩ ግን ዓመቱን እኔ ነኝ የምጽፈው።»